የፍራፍሬው ስም ብቻ አይበቃም

«ሙዝ አይስማማኝም»፣ «አቮካዶ ስበላ ከንፈሬን ያሳክከኛል»፣ «አፕል ጉሮሮዬን ይከረክረኛል» የሚሉ ሰዎች በየቤቱ አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «እንግዲያው ሁለተኛ አትንካው» የሚል ቁርጥ ያለ ምክር ነው። ሌላው ደግሞ «ባለፈው ሳምንት በልተህ ምን ሆንክ? የሐሳብህ ነው» የሚል ማጣጣል ነው። ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ቢመስሉም የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ሙዝ ሁሉ አንድ፣ አፕልም ሁሉ አንድ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ የምለው ይህ መሠረት ስሕተት መሆኑን ነው። አንድ ፍሬ ምን ያህል አለርጂ እንደሚቀሰቅስ የሚወስነው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ዝርያው፣ ሲበላ የደረሰበት ብስለትና ከተቆረጠ በኋላ የቆየበት ሁኔታም ይወስናሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ሲመረምር፣ ነጋዴው ሲሸጥ፣ ቤተሰብም ሲመክር «ምን በላህ?» ብሎ ማቆም የለበትም፤ «ምን ዓይነት ነበር? ምን ያህል በስሏል? የት ቆየ?» ብሎ መጨመር ይገባዋል።

የነገሩ ሥር ያለው ፕሮቲን ላይ ነው። አለርጂ የሚባለው በሽታ የመከላከል ሥርዓታችን ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። በፍራፍሬ ውስጥ ይህን ቁጣ የሚቀሰቅሱት በአብዛኛው ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ተክሉ ራሱን የሚከላከልባቸው ናቸው፤ ሻጋታ ሲያጠቃው፣ ነፍሳት ሲበሉት፣ ብርድ ሲመታው ወይም ሲቆስል ያመርታቸዋል። ፍሬ ሲበስል ይለሰልሳል፣ ስኳሩም ይጨምራል፤ ለሻጋታ የሚመቸው በዚህ ጊዜ ስለሆነ መከላከያ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ከዛፉ ተቆርጦም ወዲያው አይሞትም። ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፣ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፣ አንዳንድ ፕሮቲኖችን ያፈርሳል፣ ሌሎችን ደግሞ እንደ አዲስ ይሠራል። አለርጂ የሚቀሰቅሱት ፕሮቲኖች መጠናቸው እንዲህ ከፍሬው ሁኔታ ጋር የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ዕድሜውና አያያዙ በአለርጂው ላይ ለውጥ ቢያመጡ ሊገርመን አይገባም።

ከፍራፍሬ ሁሉ በዚህ ረገድ በጥልቀት የተጠናው አፕል ነው። በውስጡ አራት ዋና ዋና የአለርጂ ፕሮቲኖች ተለይተው ከማል ዲ 1 እስከ ማል ዲ 4 የሚል መጠሪያ ተሰጥቷቸዋል። ማል ዲ 1 በርች ከተባለው፣ በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ በብዛት ከሚበቅለው ዛፍ የአበባ ብናኝ ፕሮቲን ጋር በቅርጽ በጣም ይመሳሰላል። በብናኙ የተቆጣ ሰውነት አፕሉንም ብናኝ መስሎት ይነሣበታል፤ ከንፈርና ምላስ ያሳክካል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። በአውሮፓ አፕል የሚለቀመው በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ የሚበላው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ይህ የሚቻለው ፍሬው ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ፣ ብዙ ጊዜም በተለመደው አየር ውስጥ 21 ከመቶ የሆነው ኦክስጅን ወደ 1 ወይም 2 ከመቶ ዝቅ ተደርጎ ለወራት ስለሚከማች ነው። በአውሮፓ የተለያዩ ተመራማሪዎች አፕልን በማቀዝቀዣ አቆይተው ሲለኩ ማል ዲ 1 ከቆይታው ጋር እየጨመረ እንደሚሄድ አግኝተዋል። ቅርፊቱ ያንጸባርቃል፣ ሲገመጥም ይንኮሻኮሻል፤ በውስጡ ያለው የፕሮቲን መጠን ግን በለቀማው ቀን የነበረው አይደለም።

ዝርያውም ከዚህ ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የሆላንድ ጥናት ጎልደን ዴሊሺየስንና ሳንታና የተባለውን ዝርያ ለአፕል አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ሰጥቶ አነጻጽሯል። ውጤቱም ሳንታና የሚያስከትለው ምልክት በግልጽ የቀለለ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ በሆላንድ ገበያ ሳንታና ቀላል የአፕል አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ሊስማማ ይችላል ተብሎ ከነማብራሪያው ለሽያጭ ቀርቧል። «አፕል አይስማማህም» ተብሎ የተወሰነበት ሰው በጥንቃቄ ሲመረመር ችግሩ ከአንዳንድ አፕሎች ጋር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምክሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ «ትኩሱን ብሉ፣ የቆየውን ተዉ» ብለን እንለያይ ነበር። ነገር ግን በዚያው አፕል ውስጥ ማል ዲ 3 የተባለው ፕሮቲን በማከማቻ ቆይታ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ይቀንሳል። ይህ ፕሮቲን በዋናነት ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ሙቀትንም የጨጓራ አሲድንም ይቋቋማል። ማል ዲ 1 በእሳት ሲበስል ስለሚፈርስ የበርች ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የአፕል ማርማላታ ያለ ችግር ይበላል። ማል ዲ 3 የሚያስቆጣው ሰው ግን ማብሰሉ አያድነውም፤ የሚነሣበትም ሕመም ከአፍ ማሳከክ አልፎ መላ ሰውነትን ሊያናውጥ ይችላል። በሰሜን አውሮፓ የሚበዛው የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን በስፔንና በጣሊያን የሚያሠጋው ሁለተኛው ነው። የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ በኮክ ልጣጭ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በእነዚህ አገሮች ለከባድ የፍራፍሬ አለርጂ ዋነኛው መነሻም ኮክ ነው። እንግዲህ ለስድስት ወር በማቀዝቀዣ የቆየ አንድ አፕል ለስቶክሆልሙ ሰው የባሰ፣ ለናፖሊው ሰው ደግሞ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በስዊድን፣ በኖርዌይና በጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን በርች በሚያብብበት አገር ነው ያሉት፤ ከሌላ አገር የሄዱ ሰዎች ከዓመታት ቆይታ በኋላ የአካባቢው ብናኝ አለርጂ እንደሚይዛቸው ደግሞ የታወቀ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማንኛውንም ፍሬ ያለ ሐሳብ ሲበላ የኖረ ሰው በአርባ ዓመቱ አፕል አፉን ቢያሳክከው አዲስ ቅብጠት አልያዘውም፤ ሰውነቱ በአዲሱ አገር ብናኝ መቆጣት ጀምሯል።

ወደ አገራችን ፍራፍሬ ስንመጣ ሙዝና አቮካዶ ይቀድማሉ። ሁለቱ ከፓፓያ፣ ከኪዊና ከቼስትነት ጋር ሆነው ከላቴክስ፣ ማለትም የሕክምና ጓንት ከሚሠራበት የተፈጥሮ ጎማ ጋር የሚዛመዱ ፕሮቲኖች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ይፋ የሆነ ጥናት የላቴክስ አለርጂ ካለባቸው 25 ታካሚዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በፍራፍሬም እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ለዚህ ዝምድና ዋና ተጠያቂ ሆነው የተገኙት ቺቲኔዝ የተባሉ፣ የሻጋታን ግድግዳ የሚበጣጥሱ የተክል መከላከያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የዚያው አገር ተመራማሪዎች ኤቲሊን የተባለው ጋዝ በተክል ውስጥ እነዚህን ቺቲኔዞች እንደሚያነሣሣ፣ ሙቀት ደግሞ አለርጂ የመቀስቀስ ኃይላቸውን እንደሚያጠፋ አረጋገጡ። ኤቲሊን ማለት ፍሬ ራሱ ሲበስል የሚያመነጨው፣ ነጋዴውም ጥሬ ፍሬ ለማብሰል የሚጠቀምበት ጋዝ ነው። ከአርባ ምንጭ አካባቢ በጭነት መኪና ጥሬውን የሚመጣው ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዲበስል ይደረጋል፤ በአንዳንድ ቦታም በክፍሉ ውስጥ ላምባ ይነዳል። ላምባ ሲነድ ከሚወጡት ጋዞች አንዱም ኤቲሊን ነው። ይህን ስል በክፍል የበሰለ ሙዝ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። ሙዝ ሲበስል በጥሬነቱ በብዛት የነበሩ አንዳንድ ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ፣ ሌሎች ደግሞ ይጨምራሉ። ማለት የፈለግሁት የሙዙ ታሪክ ከተቆረጠ በኋላም እንደሚቀጥልና ያ ታሪክ ተጠይቆ መመዝገብ እንዳለበት ነው።

ፓፓያ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ያሳየናል። ጥሬ ፓፓያ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ፓፔይንን የመሳሰሉ ፕሮቲን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች የሞሉበት ሲሆን እነዚህም በአለርጂ ቀስቃሽነታቸው የታወቁ ናቸው። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ወተቱ እየቀነሰ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የሚያሠጋው ጥሬው ነው። ማንጎም የራሱ ጠባይ አለው። ከእንጨቱ ሲለይ የሚፈሰው ሙጫና ልጣጩ ቆዳን የሚያስቆጣ ቅባታማ ነገር ስላላቸው ማንጎን ከነልጣጩ የሚግጥ ሰው ከንፈሩ ዙሪያ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ ያው ሰው ግን ተልጦ የቀረበለትን ያለ ችግር ይበላል። አራቱን ፍሬዎች ጎን ለጎን ስናያቸው «የበሰለው ይሻላል»፣ «ትኩሱ ይሻላል»፣ «ልጣጩን ማንሣት ይበቃል» የሚለው ጥቅል ምክር ሁሉ ለአንዱ ሲሠራ ሌላውን ይጎዳል። የሚያዋጣው የትኛው ሰው፣ ለየትኛው ፕሮቲን፣ በየትኛው ሁኔታ ባለ ፍሬ እንደሚቆጣ መለየት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው ለውጡ ከሰውየው እንጂ ከፍሬው አይደለም የሚል ነው። በአውሮፓ በርች የሚያብበው በጸደይ፣ በሚያዝያ ወር ገደማ ነው፤ በገበያ ላይ ያለው አፕል ለወራት የቆየ የሚሆነውም ያኔ ነው። ሰውየው በዚያ ወቅት ቢብስበት ብናኙ ሰውነቱን ስላስቆጣው ሊሆን ይችላል፤ አፕሉ ለምን ይወቀሳል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ የብናኝ ወቅት ሰውነትን እንደሚያነሣሣ አልክድም። ነገር ግን የማል ዲ 1 መጨመር የታየው ፍሬው ራሱ በቤተ ሙከራ ሲለካ ነው፤ በልኬቱ ውስጥ ብናኝም አፍንጫም የለም። ስለዚህ ሁለቱ ምክንያቶች አንዱ ሌላውን አያስወግድም። ይልቁንም በአንድ ወቅት ተገጣጥመው በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ፤ ይህም ጥያቄውን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በዝርያና በዝርያ፣ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ማከማቻ ከሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል ይላል። እውነት ነው፤ ጎልደን ዴሊሺየስና ሳንታና በአንድ ቀን ቢለቀሙም አንድ አይሆኑም። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። እኔ የማከማቻ ጊዜን ብቻ ቁጠሩ አላልኩም፤ ስሙ ብቻ አይበቃም ነው ያልኩት። ዝርያው ከስሙ በላይ የሚናገር ከሆነ ዝርያውን መጠየቅ ግድ ነው፤ ብስለቱና ቆይታውም በዚያ ላይ የሚጨምሩት ካለ እነሱንም መመዝገብ ይገባል። በምርመራ ክፍል ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የአፕል መመርመሪያ ፈሳሽ ማል ዲ 1 ቶሎ ስለሚፈርስበት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ስለዚህ የአለርጂ ሐኪሞች መርፌዋን መጀመሪያ ትኩሱ ፍሬ ላይ፣ ከዚያ የታካሚው ቆዳ ላይ ወጋ አድርገው ይመረምራሉ። ያ ፍሬ የትኛው ዝርያ እንደሆነና ስንት ወር እንደቆየ ሳይታወቅ የተገኘ «አለርጂ የለም» የሚል ውጤት ግማሽ መልስ ነው። ታካሚው ቤቱ የሚበላው ሌላ ፍሬ ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። አለርጂ ያለበትን ሰው «የፍሬው ሁኔታ ይወስናል» ማለት «ይህኛው ላይጎዳኝ ይችላል» ብሎ እንዲሞክር በር መክፈት አይሆንም ወይ? ፍርሃቱ ተገቢ ስለሆነ መልሱም ግልጽ መሆን አለበት። አንድ ጊዜም ቢሆን ፍሬ በልቶ መተንፈስ ያቃተው፣ ፊቱ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ መላ አካላቱን ሽፍታ የወረረው፣ ራሱን የሳተ ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ያንን ፍሬ በየትኛውም ዝርያ፣ በየትኛውም ብስለት መንካት የለበትም። ሙከራ ቢያስፈልግ እንኳ ቦታው አድሬናሊን የተዘጋጀበት ሕክምና ቤት ነው። ነገር ግን ስለ ፍሬው መለዋወጥ ዝም ማለትም ሰው አይጠብቅም፤ እንዲያውም ያዘናጋል። ትናንት በልቶ ምንም ያልሆነ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚደምድመው ትናንት የበላውና ዛሬ የሚበላው አንድ ስለሚመስለው ነው። ትናንት ያልጎዳው ፍሬ ለዛሬው ዋስትና እንደማይሆን የሚያውቅ ሰው በራሱ ላይ አይሞክርም።

አራተኛው ተቃውሞ የአገራችንን ችግር ያነሣል፤ ሕፃናት በቂ ፍራፍሬ በማያገኙበት አገር ስለ ፕሮቲን መጠን መጨነቅ ቅንጦት አይሆንም ወይ ይላል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ፍራፍሬ ብርቅ በሆነበት ቤት አንድን ልጅ ያለ በቂ ምክንያት «ሙዝም አቮካዶም አይንካ» ማለት ከተትረፈረፈበት ቤት ይልቅ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ክልከላው በትክክል መለየት አለበት። ሥጋቱም ቢሆን የሌላ አገር ብቻ አይደለም። የላቴክስ ጓንት ዘወትር የሚያጠልቁ የጤና ባለሙያዎች ለላቴክስ አለርጂ ከሚጋለጡት ግንባር ቀደም ናቸው። ስፓይና ቢፊዳ (የአከርካሪ አጥንት በትክክል ሳይዘጋ የመቅረት ችግር) ይዟቸው የተወለዱና ደጋግመው ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሕፃናትም ለዚህ አለርጂ እጅግ የተጋለጡ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ይህን የመሰለ የአፈጣጠር ጉድለት ከፍተኛ መሆኑ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከጭማቂ ቤት የሚገዛለት ስፕሪስ አቮካዶና ፓፓያ ተደራርበው የቀረቡበት ነው፤ ሁለቱም ከላቴክስ ዘመዶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ይህን ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ነርሷ የልጁን ካርድ ስትሞላ «የጎማ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካው ያብጣል? የትኛው ፍሬ፣ በምን ሁኔታ ሲበላው ያሳክከዋል?» ብላ ብትጠይቅ የምታወጣው ሁለት ደቂቃ ነው።

ከንግዱስ ምን እንጠብቅ? የምግብ ማሸጊያ ላይ አለርጂ ቀስቃሾች እንዲጻፉ የሚያስገድዱት ሕጎች ፍራፍሬን በአብዛኛው አልፈውታል። የአውሮፓ ኅብረት 14 ቀስቃሾችን ሲዘረዝር ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ሴለሪ አሉበት፤ አፕልና ኮክ ግን የሉበትም። የአሜሪካ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2023 ሰሊጥ ተጨምሮበት ዘጠኝ ደርሷል፤ በእሱም ውስጥ ፍራፍሬ የለም። ጃፓን በአንጻሩ እንዲጻፉ ከምትመክራቸው ውስጥ አፕልን፣ ሙዝን፣ ኮክን፣ ኪዊንና ብርቱካንን አካታለች። እነዚህ ሕጎች የታሸገ ምግብን እንጂ በሳጥን ተደርድሮ የሚሸጠውን ትኩስ ፍሬ እምብዛም አይነኩም። ለትኩሱ ፍሬ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከውጭ የሚገባ አፕል በካርቶኑ ላይ የመጣበት አገርና ዝርያው ተጽፎበት ይመጣል፤ መረጃው የሚጠፋው ፍሬው ከካርቶን ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ነው። ቸርቻሪው ያንን ጽሑፍ ከፍሬው አጠገብ ቢለጥፈው ምንም አይከስርም፤ የተለቀመበት ወርና ዓመት ቢጨመርበት ደግሞ ሙሉ ይሆናል። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ የሚመረተው የራሳችን አፕል በዚህ ቀዳሚ መሆን ይችላል። ከማሳ ወደ ገበያ የሚሄድበት መንገድ አጭር ስለሆነ ዝርያውንና የለቀማውን ጊዜ ይዞ መቅረብ ለአምራቹ የንግድ ብልጫ፣ ለገዢውም መተማመኛ ይሆነዋል። ሙዝ አከፋፋዩም ፍሬው እንዴት እንደበሰለ ሲጠየቅ በግልጽ መመለስ አለበት።

የቀረው የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። ፍራፍሬ አፉን የሚያሳክከው ሰው በቤታችሁ ካለ አታጣጥሉበት፤ ያለ ምርመራም ዕድሜ ልክ አትከልክሉት። የትኛው ፍሬ እንደነበር፣ ጥሬ ይሁን በሳል፣ ከነልጣጩ ይሁን ተልጦ፣ ትኩስ ይሁን ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ ምልክቱ በስንት ደቂቃ እንደጀመረና የት እንደታየ ጻፉና ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ ጽሑፉን ተዉትና ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ሐኪሞቻችንም በካርዱ ላይ «የፍራፍሬ አለርጂ» ብለው አይዝጉት፤ ዝርያውን፣ ብስለቱንና አያያዙን ጠይቀው ይመዝግቡ። ሕመምተኛው የሚያምነው ምክር በዚያ መዝገብ ላይ የተመሠረተው ነው።